ለአያ መኳንንት ጭራውን ያስረዳሁ ዕለት

የተማረ ሰው አጭር መልስ የሚከብደው ለምን ይመስላችኋል? ገበሬን «ዛሬ ይዘንባል?» ብትሉት ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ «አይ» ይላችኋል። እኛን ብትጠይቁን ግን ደመና እንዴት እንደሚፈጠር ሳንነግራችሁ አንለቃችሁም፤ እስከዚያው ዝናቡ ይመታችኋል።

የእኔ እውቀት ደግሞ ጠያቂ የሌላት እውቀት ናት። አንቲቦዲ ላይ ነው የምሠራው። ሰውነታችን በሽታን ይዞ የሚከላከልበት ነገር ነው፤ ሁለት እጅና አንድ ጭራ አለው በሉት። በእጁ የፈለገውን ይይዛል፣ በጭራው በሽታ ገዳይ ሴሎችን ይጠራል። ዛሬ በፋብሪካ ተሠርቶ መድኃኒት ሆኗል። የእኔ ጥናት ጭራውን ነካክቶ ጥሪውን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ነው። ታዲያ በሠርግም በለቅሶም ይህን የሚጠይቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል?

እኔን አንድ ሰው ጠየቀኝ። አያ መኳንንት፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም። አራዳ ገበያ ውስጥ የካህናት ካባ በወርቅ ክር ይጠልፋሉ። ለጥምቀት ታቦት አጅበው ቀሐ ወንዝ ሲወርዱ ዓይናቸው ከየካህኑ ጀርባ አይነቀልም፤ የገዛ ሥራቸውን እየቆጠሩ ነው።

እኒያ ጣቶች ማበጥ ጀመሩ። የሰውነታቸው መከላከያ በገዛ መገጣጠሚያቸው ላይ ተነሥቶ ነበር። ሐኪሙ በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት አዘዘላቸው፤ አንቲቦዲ። አያም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረቀቱን ይዘው ቤቴ መጡና፣ ልውሰደው ወይስ ይቅርብኝ አሉኝ።

«ይውሰዱት» ማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች አሉ። እኔም የሐኪሙን ወረቀት ገልብጬ ጀርባው ላይ ሁለት እጅና አንድ ጭራ ሣልሁላቸው።

አያ በጥሞና ሲሰሙ ቆዩና «ጭራው ሲጣራ ያልተፈለገው ቢሰማስ?» አሉኝ።

ይህን አንድም ተማሪዬ ጠይቆኝ አያውቅም! ደስታዬን አልቻልሁትም። ሲንጠባጠብ ትኩሳት ሊያመጣ እንደሚችል፣ የሰውነትን መከላከያ እንደሚያዳክም፣ አልፎ አልፎም ከዚያ የከፋ እንዳለ ዘረዘርሁላቸው። ሁሉም እውነት ነው። ስንት ሰው ላይ ይደርሳል፣ ሲደርስስ ሐኪም ምን ያደርጋል የሚለውን ግን ሻይ ስለቀረበ ረሳሁት። አያ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ መርቀውኝም ሄዱ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስኩራራ ሰነበትሁ።

መድኃኒቱን የጀመሩ መስሎኝ ነበር። ከዓመት በላይ ቆይቼ ሱቃቸው ጎራ ስል፣ ግማሹ የተጠለፈ ካባ አቧራ ለብሶ ተሰቅሏል፤ አያ ደግሞ ክር ከመርፌ የሚያስገባላቸው ጎረቤት እየጠበቁ ተቀምጠዋል። ምነው አልወሰዱትም አልኋቸው። ያ የሚጣራው ነገር አስፈርቷቸው እንደተዉት ነገሩኝ። ቁጣ እንኳ የለባቸውም። እኔ ነኝ የማየውን ያጣሁት፤ ጣቶቻቸውን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

በነጋታው ሆስፒታል ወሰድኋቸው። እዚያም ፈሩ። ልናገር አፌን ስከፍት ነርሷ ቀደመችኝ። «አያ፣ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ከአጠገብዎ አልነሣም» አለቻቸው። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አለቀ። ሥዕል የለ፣ ጭራ የለ።

መድኃኒቱ ሠራ። እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙም ተዋቸው፤ ዛሬ ብርጭቆ ያነሣሉ፣ በር ይከፍታሉ። ቀድመው የተጣመሙት ሁለት ጣቶች ግን አልተቃኑም፤ መርፌ የሚይዙት እነሱ ነበሩ።

ባለፈው ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያን ዕለት በደንብ አላስረዳሁዎትም አልኋቸው።

አያ ፈገግ አሉ። «የለም ልጄ፣ ሸጋ አድርገህ ነው ያስረዳኸኝ። ባይገባኝ ኖሮ ይሄኔ እየጠለፍሁ ነበር።»