ጎማ ያለው ቤት

እናንተ ሰፈር መኪና ሲፈታ ባየ ቁጥር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆም ሰው የለም? መፍቻ ይዞ አያውቅም፤ ምክር ግን አያልቅበትም። ቃሊቲ እኛ ሰፈር ይህን ሥራ የያዙት ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ናቸው።

ታላቅ ወንድሜ ታሞ ከሞተ በኋላ ይነዳት የነበረችው ሚኒባስ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ቀረች። ሞተሯ ተሸጧል። ከእማዬ ጋር የምንኖርባት ክፍል ጠባብ ስለሆነች ሚኒባሷን ማደሪያዬ ላደርጋት ተነሣሁ። እማዬ ግን... እማዬ ወደ መኪናዋ ዞር ብላም አታይም ነበር።

የተሳፋሪውን ወንበሮች ነቅዬ አልጋ ሳስገባ ጋሽ ታደሰ ደረሱ።

«ጎማ ያለው ቤት የት አገር አየህ? ለቁራሌው ሽጣት!»

ወዲያው ግማሽ ሰፈር ተሰበሰበ። የአልጋው ራስጌ በየት በኩል ይሁን ተብሎ የተነሣው ክርክር፣ የአገር ድንበር የሚካለል እንጂ ፍራሽ የሚነጠፍ አይመስልም ነበር።

«የሹፌሩንም ወንበር ንቀለው፤ ቦታ ይዟል» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«እሱ አይነቀልም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ታደሰ ምክር አጡ። በዓይኔ አየሁ!

በዚህ መሀል እማዬ ትራስ ታቅፋ መጣች። በሩ ላይ ትንሽ ቆመችና «ቤት ለእንቦሳ» ብላ ገባች።

«እንቦሳ እሰሪ» አልኳት።

አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ታደሰም ተከትለው ገቡና አጠገቧ ተቀመጡ። ዝም ማለት መቼ ይችላሉ?

«ሞልቷል እኮ! ምን ትጠብቃለህ? ንዳ እንጂ!»

እማዬ ሳቀች። እኔም በወንድሜ ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ መሪውን ያዝኩ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለችኝ ከኋላ፣ ለእሱ ጠዋት ጠዋት ትለው እንደነበረው።