ጣሊያንኛ በውርድ ንባብ

የሰው ልጅ ጥበብ ሲመጥቅ፣ ሲመጥቅ ከርሞ የት አረፈ ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ አጭር ነው፤ ያረፈው ሞጣ ላይ ነው። ሞጣም ሲባል በየሰፈሩ አይደለም። ከገበያው ከፍ ብሎ፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም በተቀባው የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። በዚያ ግቢ ሕፃናት በእንግሊዝኛና በጣሊያንኛ ይማራሉ። ጣሊያንኛ የሚያውቅ ሰው በግቢው አንድም አልነበረም። ይህ ግን ሥራውን ቅንጣት አላደናቀፈውም፤ እንዲያውም የሚያርም ሰው ስላልነበረ በሁለት ወሰነ ትምህርት አንድም ስሕተት አልተመዘገበም።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ቢቸና ናት። እዚያ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት «ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ» የሚል ባነር ሰቀለ ተባለ። የሰማያዊው በር ትምህርት ቤት ባለቤትና ርእሰ መምህር አቶ ፈረደ ይህን የሰሙ ዕለት ምሳ አልበሉም። በማግስቱ መምህራኑን ሰበሰቡ።

«ክቡራን መምህራን! ቢቸና አንድ ቋንቋ ይዛለች። እኛም አንድ ብንይዝ እኩል ሆንን ማለት ነው፤ እኩል መሆን ደግሞ ለሞጣ ውርደት ነው። ስለሆነም ከስትራቴጂክ ዕቅዳችን አኳያ ሁለት እንይዛለን። ሁለተኛው ጣሊያንኛ ይሆናል።»

«ለምን ጣሊያንኛ?» አለ የሒሳብ መምህሩ።

«ፈረንሳይኛ ብንል ነገ ደብረ ኤልያስ ይቀድመናል። ዓረብኛ ብንል ግማሹ ወላጅ ከእኛ የተሻለ ያውቃል፤ ያፋጥጠናል። ጣሊያንኛን ግን እዚህ አገር ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«በቃ! ተወዳዳሪ የለንም ማለት ነው።»

ተጨበጨበ። ያላጨበጨበችው ወይንእሸት ብቻ ነበረች። ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምራለች፤ ልጆች «ሀ ሁ»ን ይዘው ገብተው ደብዳቤ ጽፈው የሚወጡት በእሷ እጅ ነበር። ከስብሰባው በኋላ ቢሮ ተጠራች።

«ወይንእሸት፣ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ታጥፏል።»

«እኔስ ጋሼ?»

«አንቺም አብረሽ ትታጠፊያለሽ። አልታጠፍም ካልሽ ጣሊያንኛውን ያዢ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጣሊያንኛ አልችልም።»

«የሚችል ሌላ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ከማን ታንሻለሽ?»

ወይንእሸት የምትኖረው ትምህርት ቤቱ ጓሮ በተሰጣት ሁለት ክፍል ቤት፣ ከሽማግሌው አባቷ ከመሪጌታ ስጦታው ጋር ነው። በሩ ላይ ጎመን ተክላለች። ሥራው ከሄደ ቁልፉ ይመለሳል፤ ቁልፉ ከተመለሰ አባትየውም ጎመኑም ሜዳ ላይ ናቸው። ስለዚህ «እሺ» አለች። ጣሊያንኛ በሞጣ የተጀመረው በዚህች አንዲት ቃል ነው።

የቀረው መጽሐፍ ነበር። እሱንም የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ሐጂ አብዱሰመድ አመጡት። ሐጂ ከዓመት በፊት ከጣሊያን የመጣ ትልቅ ወፍጮ አስተክለዋል። ከወፍጮው ጋር አንድ ወፍራም መጽሐፍ በላስቲክ ታሽጎ መጥቶላቸው ነበር፤ ግራ ገጹ ጣሊያንኛ፣ ቀኝ ገጹ እንግሊዝኛ።

«ይኸው፣ ሁለቱንም ይዟል፤ ሥዕልም አለው» አሉ ሐጂ።

አቶ ፈረደ መጽሐፉን ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት። ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን! የውጭ አገር ሰዎች ለሞጣ ልጆች ምን ያህል እንደ ተጨነቁ በዚህ ይታወቃል።

ማታ ወይንእሸት መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትተክዝ አባቷ ጠየቋት።

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

«ማንበቡን እንደ ምንም እሞክረዋለሁ አባባ። ትርጉሙን ነው የማላውቀው፤ የእንግሊዝኛውም ገጽ አልገባኝም።»

«እና ይኼ ያስለቅሳል? እኔ ዳዊት ስደግም ትርጉሙን የጠየቀኝ ማን ነበር? መጀመሪያ ፊደሉን አስቆጥሪ። ከዚያ በግዕዝ፣ ከዚያ ዜማውን እየጎተትሽ በውርድ ንባብ፣ ከዚያ በቁም ንባብ። ትርጓሜ የሚመጣው ሰው ከጎረመሰ በኋላ ነው።»

ወይንእሸትም ጣሊያንኛውን በፊደላችን ገልብጣ፣ እንዴት እንደሚጎተትና እንደሚያርፍ ከአባቷ አጥንታ ክፍል ገባች። ልጆቹ በሳምንቱ ያዙት። የሐጂ ልጅ ሪሃብ ደግሞ፣ ገና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆና፣ የመጀመሪያውን አርባ ገጽ በቃሏ ወጣችው። ሐጂም አልገረማቸውም።

«እኛም ቁርአን ስንቀራ ንባቡ ነው የሚቀድመው፤ ትርጉሙ በኋላ ይመጣል» አሉ።

የሰማያዊው በር ትምህርት ቤት ፈጠራ «በኋላ» የሚባለውን ማስቀረቱ ነው።

በግቢው አንድ ደንብ ወጣ፦ ከቢሮ በቀር አማርኛ ክልክል ነው። አስፈጻሚው ጥበቃው ገብረ ሕይወት ሆነ። ገብረ ሕይወት ሁለቱንም ቋንቋዎች ስለማያውቅ የጥፋት መለኪያው ቀላል ነበር፤ የሰማው ነገር ከገባው ጥፋት ነው፣ ይመዘግባል፤ ካልገባው ትምህርት ነው፣ ያሳልፋል። የአቶ ፈረደን ንግግር አንድም ቀን መዝግቦ አያውቅም። ከስትራቴጂክ ዕቅድ አኳያ ምን እንደሚሉ ገብቶት አያውቅምና።

ዝናው ተሰማ፤ ቢቸናም አላስቻላትም። የቢቸናው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ባንቺዓለም መምህራኖቻቸውን ይዘው ለልምድ ልውውጥ እንደሚመጡ ጻፉ። አቶ ፈረደ ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበቡት፤ ምሳም ሁለት ጊዜ በሉ።

በዚያው ሳምንት የሐጂ ወፍጮ ቆመ። ያ ሁሉ ሰፈር እህሉን ተሸክሞ ሌላ ወፍጮ ቤት ደጅ ተሰለፈ። የሸጠው ድርጅት ከአዲስ አበባ አንድ መካኒክ ላከ፤ ኤንሪኮ የሚባል፣ ጣሊያን ተወልዶ ሃያ ዓመት ኢትዮጵያ የኖረ ሽበታም ሰው። ኤንሪኮ ወፍጮውን ከፈታታው በኋላ መመሪያው የት እንዳለ ጠየቀ።

«ትምህርት ቤት ነው» አሉት ሐጂ።

«ትምህርት ቤት ምን ይሠራል?»

«ያስተምራል።»

ኤንሪኮ ሰማያዊውን በር ያንኳኳው የቢቸና እንግዶች ወንበር ይዘው በተቀመጡበት ሰዓት ነው። አቶ ፈረደ ሰውየውን ሲያዩ እግዚአብሔር የሞጣ ወገን መሆኑን አረጋገጡ። በእንግሊዝኛ «ዌልካም፣ ዌልካም!» እያሉ አፉን ሳይከፍት ጎትተው የክብር ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«ጣሊያን ነው» አሉ ወደ ወይዘሮ ባንቺዓለም ጆሮ ጠጋ ብለው። «ከነነፍሱ።»

ወይዘሮ ባንቺዓለም ፊታቸው ጠቆረ። ወይንእሸት ግን ከኋላ ከአባቷ ጎን ቆማ ጎመኑን እያየች ነበር።

ልጆቹ ተሰልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ በውርድ ንባብ አወጡት፦

«ፔሪኮሎ-ኦ-ኦ! ኖን ኢንትሮዱሬ ሌ ማኒ ኔላ ትራሞጃ-አ-አ!»

ቀጥለው በእንግሊዝኛ፦ «ዴንጀር! ዱ ኖት ፑት ዩር ሃንድስ ኢን ዘ ሆፐር!»

ኤንሪኮ መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ አፉን ያዘ። ከዚያ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ እንባው ወረደ።

«አገሩ ትዝ ብሎት ነው» አሉ አቶ ፈረደ።

ሪሃብ ወደ ፊት ወጥታ ወፍጮው አልዞር ሲል ምን እንደሚደረግ የሚናገረውን ገጽ ብቻዋን አወረደችው። ስትጨርስ ኤንሪኮ ብድግ ብሎ አጨበጨበና፣ በጠራ አማርኛ፦

«የኔ እናት፣ ጎበዝ! ግን ወገኖቼ፣ ይሄ እኮ የወፍጮ መመሪያ ነው። ‹እጃችሁን ወፍጮ ውስጥ አትክተቱ› ነው የሚሉት። እኔም የመጣሁት መጽሐፉን ፈልጌ ነው» አለ።

ፊሽካ ተነፋ። ገብረ ሕይወት ደብተሩን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ጌታው፣ የተናገሩት በሙሉ ገብቶኛል! ስም?»

ግቢው ታወከ። ወይዘሮ ባንቺዓለም አቶ ፈረደን ጎሸም አደረጓቸው።

«ጣሊያን ነው አላሉም?»

«እኔም ተታልዬ ነው። እውነተኛ ጣሊያን አማርኛን ከየት ያመጣዋል?»

«ይፈተን ታዲያ!»

ተፈተነ። ኤንሪኮ «ቶሎ ስጡኝና ልሂድ» እያለ አንድ ገጽ እንደ ጋዜጣ ቶሎ ቶሎ አነበበ። ሁሉም ወደ መሪጌታ ስጦታው ዞረ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተነሽ ንባቡን ይጥለዋል፤ ወዳቂ ንባቡን ያነሣዋል። ልጁ ገና ነው።»

ገብረ ሕይወት ስላልገባው አላስቸገራቸውም። ውጤቱን መስጠት ግን የክፍሉ መምህርት ሥራ ነው። አቶ ፈረደ ቀይ እስክሪብቶውን ለወይንእሸት ሰጧት።

«እባካችሁ መጽሐፉን» አለ ኤንሪኮ። «ሰፈሩ ዱቄት አጥቶ ተሰልፏል።»

«የወደቀ ተማሪ መጽሐፍ አይሰጠውም» አሉ አቶ ፈረደ።

ወይንእሸት እስክሪብቶውን አየች። ሁለት ከአሥር ብትሰጠው ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ያድራል። ወደ አባቷ ዞረች፤ እሳቸው አሁንም «ገና ነው» በሚል ፊት ተቀምጠዋል። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ልክ እሱ ነው። እኔ ጣሊያንኛ አንዲት ቃል አላውቅም። ምን እንደማስተምር እንኳ ዛሬ ከእሱ ነው የሰማሁት። መጽሐፉን ስጡት፤ ቁልፉንም እመልሳለሁ።»

ገብረ ሕይወት ገብቶት መዘገበ። አቶ ፈረደ መሐረባቸውን አወጡ።

«ክቡራን እንግዶች፣ ሰማችሁ? በቋንቋው እዚህ ደረጃ ደርሳ ‹አንዲት ቃል አላውቅም› ትላለች! ይህ ነው የዚህ ተቋም እሴት፤ ትሕትና!»

ጭብጨባው አጥሩን አለፈ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ተነሥተው ወይንእሸትን አቀፏት።

«የእኔዎቹ እንግሊዝኛ እንችላለን ብለው ነው የሚምሉት» አሉ በምሬት። «አየሽ ልዩነቱን?»

ወይንእሸት እዚያው ላይ የቋንቋዎች ክፍል ኃላፊ ሆነች። «እውነቴን ነው እኮ!» ብትል ጭብጨባው ባሰ። መጽሐፉ ቢሮ ውስጥ ወደሚቆለፍበት የመስተዋት ሣጥን ተመለሰ። ኤንሪኮ ባዶ እጁን ወጣ።

ሰው እንደ ተበተነ ወይንእሸት ሪሃብን በእጇ ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች። ልጅቱ ከተፈታታው ብረት ፊት ቆማ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ከገጽ አንድ ጀመረች። ኤንሪኮ መፍቻውን ይዞ ይሰማል። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ እጁን አነሣ።

«ቆይ የኔ እናት፣ እሷን ድገሚያት።»

ደገመችለት። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አጠበቀ። ወፍጮው ተንቋቋና ዞረ። ሐጂ አብዱሰመድ ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አወጧት።

አቶ ፈረደ ወሬውን ሰምተው እየተጣደፉ ሲደርሱ ሪፖርቱን በልባቸው ጽፈው ጨርሰዋል፦ «የውጭ ባለሙያ ያልቻለው ወፍጮ በሁለተኛ ክፍል ተማሪያችን ተነሥቷል።» ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

«ወይንእሸት፣ ዛሬ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«አማርኛውን ይመልሱልን ጋሼ። ልጆቹ ስማቸውን መጻፍ ረስተዋል።»

አቶ ፈረደ አገጫቸውን ያዙ። ወፍጮው ሁለት ቁና ያህል እስኪፈጭ ድረስ አሰቡ።

«ተፈቅዷል። ከሰኞ ጀምሮ አማርኛ ሦስተኛ የውጭ ቋንቋ ሆኖ ይሰጣል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ደብተሬ አሁንም አለ፤ ከ‹ሀ› እጀምራለሁ።»

«አንቺ? አንቺማ የጣሊያንኛችን ምሰሶ ነሽ! የውጭ ቋንቋ ደግሞ የሚያምረው በውጭ ሰው ነው።» ይህን ብለው ዱቄት ለብሶ ወደ ቆመው ኤንሪኮ ዞሩ። «ሲኞር፣ አማርኛዎ ግሩም ነው። መቼ ይጀምራሉ?»

«እኔ?» አለ ኤንሪኮ። «እኔ እኮ ከመናገር በቀር አልችልም። መጻፍ አላውቅም። ፊደል እንኳ አልቆጠርሁም!»

አቶ ፈረደ መሐረባቸውን አወጡና ወይንእሸትን በክርናቸው ነካ አደረጓት።

«አየሽ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አንቺም ያልሽው ይህንኑ ነበር።»