ማረሻው ራጅ ሲነሳ

(አምቦ፣ ራጅ ክፍል በር ላይ። ከእጃጂ በጭነት መኪና ተጭነው የመጡ ሁለት ገበሬዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያላቸው አንድ አንድ በሬ ስለሆነ አቀናጅተው ያርሳሉ፤ ማረሻቸውም የጋራ ነው። ኤጄታ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ከሰቀለ ወዲህ የማያውቀው ነገር አልተገኘም። ሆርዶፋ ጋቢው ሥር፣ ደረቱ ላይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማረሻ አስሯል።)

ኤጄታ፦ ጫፉ ወደ ላይ ነው አልኩህ።

ሆርዶፋ፦ ወደ ላይ ከሆነ ጉሮሮዬን ይወጋኛል።

ኤጄታ፦ ወደ ታች ከሆነስ?

ሆርዶፋ፦ ወደ ታች ሲሆን የሚወጋውን እዚህ ሰው ፊት አልናገርም።

ኤጄታ፦ ድንጋይ የሚያገኘው ጫፉ ነው። ጨረሩ ጫፉን ከሳተው ጋራው ላይ እንደገና መታጠፉ ነው። ዝናቡ ገብቷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሁለተኛ እርሻውን ጨረሰ፣ እኛ ገና ማረሻ እናስታምማለን።

ሆርዶፋ፦ እስቲ ሬዲዮው ያለውን ድገምልኝ።

ኤጄታ፦ ስንቴ ልድገምልህ? በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር አለ፣ አዮን ይሉታል። አየሩ ተመጦ በወጣ በርሜል ውስጥ ብረት ላይ በኃይል ይወረውሩታል።

ሆርዶፋ፦ ጤፍ በወንጭፍ እንደማለት።

ኤጄታ፦ ከጤፍም እጅግ ያንሳል።

ሆርዶፋ፦ ጤፍ ብረት ላይ ቢወረወር ይረግፋል እንጂ ምን ያደርጋል?

ኤጄታ፦ ያንተ ወንጭፍ ስለሆነ ነዋ። የነሱ አይረግፍም፣ ብረቱ ቆዳ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይሰገሰጋል።

ሆርዶፋ፦ ብረቱ አይቆስልም?

ኤጄታ፦ ይቆስላል። ቁስሉ ነው የሚያጠነክረው። እርፍ ጨብጠህ ጨብጠህ መዳፍህ መጅ አላወጣም? እንደዚያ ነው። ውስጡ እንዳለ ነው፣ ፊቱ ብቻ ይደድራል።

ሆርዶፋ፦ ከበዛበትስ?

ኤጄታ፦ ከበዛበት ተሰባሪ ይሆናል። እንደየዕቃው ነው፤ አንዱን ያጠነክራል፣ ሌላውን ያለሰልሳል።

ሆርዶፋ፦ ያ በርሜል እዚህ ቤት ውስጥ ነው ያለው?

ኤጄታ፦ በርሜል ሆነ ሣጥን፣ ጨረር ጨረር ነው።

ሆርዶፋ፦ ታዲያ ማረሻውን በእጃቸው ለምን አንሰጣቸውም?

ኤጄታ፦ ብረት አይቀበሉም፣ በሽተኛ ብቻ ነው። በሽተኛው ደግሞ አንተ ነህ። እኔ እንደምታየው ወፍራም ነኝ፣ ማን ያምነኛል?

(ሆርዶፋ ረዥም ሳል ያስለዋል። ኤጄታ በአድናቆት ያየዋል።)

ኤጄታ፦ ይሄ ሳልህ ግን ግሩም ነው። ካርድ ክፍል ስታስል እኔ ራሴ ልደነግጥ ነበር። የት ተማርከው?

ሆርዶፋ፦ ቤት። ማታ ማታ።

ኤጄታ፦ ተለማመድክ በለኛ።

ሆርዶፋ፦ ኤዬ፣ አዎ። ሲንቄ እንኳ «ቤት ውስጥ መለማመዱ ይብቃህ፣ አምቦ ሂድ» ትለኛለች።

ኤጄታ፦ አስተዋይ ሚስት ናት። ለማረሻው አስባ ነው።

ሆርዶፋ፦ እኔንስ ጨረሩ ምን ያደርገኛል?

ኤጄታ፦ አንተ ከኋላ ነህ፣ ማረሻው ይቀበልልሃል። ቢያልፍ ቢያልፍ ደረትህን ያጠነክረው ይሆናል።

ሆርዶፋ፦ እሱስ ባልከፋ።

(ከውስጥ «ሆርዶፋ ቀነዓ» ተብሎ ይጠራል። ሆርዶፋ ጋቢውን ሰብስቦ ይገባል። ኤጄታ ብቻውን ቀርቶ በሐሳቡ ለገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ንግግር ያደርጋል። ጭብጨባው ደምቆ ሳለ ሆርዶፋ ጥቅሉን በእጁ ይዞ ይወጣል።)

ኤጄታ፦ ምነው ቆየህ?

ሆርዶፋ፦ ሁለት ጊዜ አነሱኝ።

ኤጄታ፦ ሁለት ጊዜ በዛ። ተሰባሪ እንዳያደርጉብን። አምጣው እስቲ።

(ጨርቁን ይፈታል። የማረሻው ጫፍ ቀጥ ብሏል። በረንዳው ድንጋይ ላይ ደጋግሞ ይመታዋል፤ ንቅንቅ የለም። የኤጄታ ዓይን እንባ ያቀርራል።)

ኤጄታ፦ አየህ አይደል? እንደ በግ ቀንድ የዞረውን አቀናው፣ አጠነከረውም። ሲነገርህ አትሰማም። በሚቀጥለው መጥረቢያውን አስረህ ትመጣለህ።

ሆርዶፋ፦ ኦቦ ኤጄታ፣ አንዴ ተቀመጥ።

ኤጄታ፦ አልቀመጥም።

ሆርዶፋ፦ ትናንት አንተ ሬዲዮው ሥር ስትውል፣ ማረሻውን ቀጥቃጩ ጉዴ ጋ ወሰድኩት። አግሎ አቀናው፣ ውሃ ነከረው፣ ጠነከረ።

ኤጄታ፦ (ቀስ ብሎ ይቀመጣል።) ጨረሩስ?

ሆርዶፋ፦ ራጅ አንሺው መጀመሪያ ሲያነሳኝ በሳንባዬ ፈንታ ማረሻ ታየው። «ይሄን ፍታና እንደገና ቁም» አለኝ። የሬዲዮህን ወሬ ስነግረው ደግሞ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ያንተ አዮን ብረቱ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ቅንጣት ነው፣ ይሄኛው ግን እንደ ብርሃን ሥጋን አልፎ የሚሄድ ነው፣ ማረሻ አያጠነክርም አለ።

ኤጄታ፦ ማረሻው ከተሠራ ታዲያ እዚህ ድረስ ምን አመጣን?

ሆርዶፋ፦ ሳሉ እኮ የእውነት ነው።

(ኤጄታ «ግሩም ነው» ያለው እያንዳንዱ ሳል ተራ በተራ ጆሮው ላይ ይመለስበታል።)

ኤጄታ፦ ያ ማታ ማታ የተለማመድከው?

ሆርዶፋ፦ ኤዬ። ለብቻዬ ብመጣ ፈርቼ ከበሩ እመለስ ነበር። አንተን እንዳልለምንህ፣ ሰው ታመመ ሲሉህ «ፌጦ ይጠጣ» ትላለህ። ማረሻው ታመመ ሲባል ግን መኪና የለመንከው አንተ ነህ። እኔም ከማረሻው ኋላ ተሰለፍኩ።

ኤጄታ፦ (መሬት መሬት እያየ) ምን አሉህ?

ሆርዶፋ፦ ሐኪሙ ራጁን አይተው፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ መድኃኒቱን ካላቋረጥክ ትድናለህ አሉኝ።

ኤጄታ፦ አታቋርጥም። በየጠዋቱ እኔ መጥቼ አስውጥሃለሁ። እርፉንም እኔ እይዛለሁ፣ አንተ ዳር ተቀምጠህ በሬዎቹን ትሰድባለህ። ሌላ ያሉህ ነገር የለም?

ሆርዶፋ፦ ብረቱን ደረትህ ላይ ያስታጠቀህ ማነው አሉኝ። ውጭ ተቀምጧል አልኳቸው። እሱንም ጥራው፣ ጭንቅላቱን እንየው አሉ።

ኤጄታ፦ (ቆቡን አውልቆ ይነሳል። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ይላል።) ያጠነክሩብኝ ይሆን?

ሆርዶፋ፦ እሱስ ጠንክሯል። የሚያለሰልስ ካላቸው ጠይቃቸው።