ወንበር ገልባጯ ወይዘሪት ሜትር

በየቤተሰቡ ውስጥ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ገልብጦ ከስሩ የሚያይ አንድ ሰው አለ። እናንተ ቤት ከሌለ ጎረቤት ጠይቁ፣ አይጠፋም። ሰው ቤት ሲገባ ሰላም ከማለቱ በፊት ጣሪያውን ያያል፣ በሩን ሁለቴ ከፍቶ ይዘጋል፣ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። ሻይ ስትሰጡት ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ "ይሄ እኮ ከሩቅ ሲያዩት መድኃኒት ነው የሚመስለው" ይላችኋል። ሌላው ቤተሰብ እንዲህ ያለው ሰው አናጢ ይሆንለታል፣ ቢከፋ ደላላ ይሆንለታል። የኛዋ ግን ዩኒቨርሲቲ ገባች።

የታላቅ ወንድሜ ልጅ ናት። ወገቧ ላይ ከማይጠፋው ሜትር የተነሳ እኔ "ክብርት ወይዘሪት ሜትር" ብዬ ሾምኳት፤ ሹመቱም ወዲያው ጸደቀ፣ አሁን ቤተሰቡ ስሟን የሚያስታውሰው ቅጽ ሲሞላ ብቻ ነው። የምትማረው የቴአትር ዲዛይንና የመድረክ ቴክኒክ ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በሰላም የተለያየሁ ፀጉር አስተካካይ ስለሆንኩ ነገሩ እስኪገባኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ለናንተ ግን ባጭሩ ልንገራችሁ። መድረክ ላይ ሰውዬው በር ከፍቶ ሲገባ ታያላችሁ አይደል? በሩን የሠራው፣ ሲከፈት ሲጢጥ እንዲል ያደረገው፣ ከበሩ ጀርባ ጨረቃ የሰቀለው፣ "በል አሁን ግባ" ያለው ሌላ ሰው ነው። ጭብጨባውን ይዞ ቤቱ የሚሄደው ግን የገባው ሰውዬ ነው።

"ይሄ ነገር አይከፋሽም?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ሥራዬ ከታየ ተበላሽቷል" አሉኝ።

ክብርትነታቸው ይቺን ነገር በቀን አሥር ጊዜ ይናገሯታል። እንቅልፍ ላይም ሳይሏት አይቀሩም።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳሉ ሱቄን ሊጎበኙ መጡ። ወንበሬ ላይ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ተቀምጠዋል። ክብርትነታቸው መምህሩን ከነፎጣቸው አስነስተው ወንበሬን ገለበጡት።

"አጎቴ፣ አንድ ብሎን ላልቷል።"

"አንቺ ልጅ! መምህሩ ግማሽ ጭንቅላታቸው ነው የተላጨው!"

"አንድ ደቂቃ። ደግሞ ይሄ አምፖል ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል? ከላይ የሚመጣ ብርሃን ዓይን ስር ጉድጓድ ይቆፍራል። ደንበኞችህን በሙሉ ሬሳ አስመስለሃቸዋል።"

መምህሩ ግማሽ ጭንቅላታቸውን ዳሰሱ።

በሳምንቱ ሁለት አምፖል ይዘው መጡና ከመስታወቱ ግራና ቀኝ ተከሉልኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም እንዳትናገሩ። መምህሩ መስታወት ውስጥ ራሳቸውን አይተው "እኔ ነኝ?" አሉ። በወሩ አገቡ። ሙሽሪት ግን ከሠርጉ በኋላ ያየቻቸው ቤታቸው፣ ጣሪያ ላይ ባለው አምፖል ስር ነው። ከዚያ ወዲህ የሚወራውን እኔ ከአፌ አላወጣውም፤ የፈለገ ሱቄ ይምጣ። ብሎኗን በተመለከተ ግን አጥብቀዋት ሄዱ፤ በሳምንቱ መልሳ ላላች። እስከ ዛሬ ድረስ እሁድ እሁድ እየመጡ ወንበሬን ገልብጠው ያጠብቋታል።

ደግሞ የወለል ፀጉር አለላችሁ። መጥረጊያ ሳነሳ "እንዳትጥለው!" ብለው ይጮኻሉ። በፌስታል ሰብስበው ይወስዳሉ። እኔ መተት ነው ብዬ ነበር። ኋላ ተማሪዎቹ የሠሩትን ቴአትር ልናይ ስንሄድ፣ ሌባ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ሳምንት ያልተላጨ ጉንጭ ይዞ ብቅ አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሥጋ ሻጭ አገጩን ዳሰሰ።

"ይሄን ጢም የማውቀው ይመስለኛል" አለኝ።

"ዝም በል፣ ያንተው ነው።"

ሰውዬው እስከ ዛሬ "እኔ መድረክ ላይ ወጥቻለሁ" እያለ ሥጋ ይመዝናል። ሦስት ዓመት የለፋችው ሳትታወቅ የሱ ጢም ታወቀ።

ልብሳቸው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው፤ ጨለማ ውስጥ ዕቃ ሲያንቀሳቅሱ ተመልካች እንዳያያቸው። ሰፈሩ ይሄን የት ያውቃል? አንዷ ጎረቤታችን ሦስት ቀን ታግሳ በአራተኛው መጣችና "ማን ሞቶባችሁ ነው የደበቃችሁን?" ብላ አለቀሰች። እኔም ትንሽ አብሬያት አለቀስኩ፤ ሰው ብቻውን ሲያለቅስ ደስ አይልም። ከክብርትነታቸው ጋር ቴአትር ማየት ደግሞ አይሞከርም። እናት ልጇን ቀብራ አዳራሹ በሙሉ ሲነፋረቅ እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ "ሰባተኛው መብራት ተጣሟል" ይላሉ።

አሁን ወደ አባቷ ልምጣ። ታላቅ ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ እጁ መነጋገሪያ ሬዲዮ፣ በአንድ እጁ እስክሪብቶ ይዞ "ቁጥር አሥራ ሁለት ተዘጋጅ… ቁጥር አሥራ ሁለት ውጣ!" ሲል ነው የኖረው። የወጣችውን አውቶቡስ ሁሉ ከነደቂቃዋ ይመዘግባል። ቤቱም ያው መናኸሪያ ነው። "ሾርባ ተዘጋጅ… ሾርባ ውጣ!" ካላለ እራት አይቀርብም። ይሄን ድምፁን ሱቄ ውስጥ ሳስመስለው ሰው በሳቅ ከወንበር ይወድቃል፤ እሱ ብቅ ሲል ግን ሁላችንም ስለ አየር ጸባይ እናወራለን።

የዚህን ቤት እራት አንድ ቀን ብትሰሙት!

"ልጄ፣ እዚያ ቴአትር ላይ የት ጋ ነው የምትታዪው?"

"አልታይም አባዬ።"

"ታዲያ ሦስት ዓመት ምን ስትማሪ ነው የቆየሽው?"

"እንዳልታይ።"

"እሱንማ እቤት ቁጭ ብለሽም ትችይው ነበር!"

እኔ በሳቅ ሾርባው ትን አለኝ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስትገባ ቃል አስገብቷት ነበር፤ ሦስተኛው ዓመት ሳያልቅ ሥራዋን አይቶ ካልገባው ወደ ማኔጅመንት ልትዛወር። የመዛወሪያውን ቅጽ በገዛ እጇ ሞልታ ሰጥታዋለች። ቅጹ ወንድሜ ኮት ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ሰኞን ይጠብቃል፤ ሰኞ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ነው። ከዚያ በፊት የቀራት የቅዳሜ ከሰዓቱ የፈተና ቴአትር ብቻ ነበር። ቃሏን አጥፍታ እንዳትቀር ደግሞ አባቷን ነው የወጣችው፣ ያለችውን ታደርጋለች።

ሐሙስ ዕለት ሱቄ መጣችና ወንበሩን ሳትገለብጥ ተቀመጠችበት። ያኔ ነው የደነገጥኩት። እንግዲህ አንቱታውን እዚህ ጋ ላቆየው።

"አጎቴ፣ አለቀልኝ" አለችኝ። "በዚህኛው ቴአትር ጭራሽ የሚጨበጥ ነገር አልሠራሁም። በር አልቀባሁም፣ ግድግዳ አላቆምኩም። ተራዬ ስቴጅ ማናጀር ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ መብራቱንም ድምፁንም መጋረጃውንም ማዘዝ ብቻ። ምኑን ብዬ ነው የማሳየው?"

"አንቺ እኮ ሁሌ፣ ሥራዬ ከታየ…"

"የምለውን አውቀዋለሁ!"

ጠጉሯን ዳበስ አድርጌ ሻይ አዘዝኩላት። ሌላ ምን አውቄ።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ወንድሜን ሱፉን አስለብሼ ፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩት። ቴአትሩ በዝናብ ቀን ቤት ውስጥ ስለሚጨቃጨቁ አባትና ሁለት ልጆቹ ነው። ወንድሜ አንገቱን እንደ ሰጎን እየመዘዘ ልጁን ይፈልጋል።

"የታለች?"

"ያ ዝናብ ይሰማሃል? እሷ ናት።"

"አታሹፍብኝ።"

"መብራቱም እሷ ናት።"

"መብራቱ መብራት ነው!" ከኋላ ያሉት ሰዎች "እሽሽ!" አሉን።

እረፍት ሲሆን ቅጹን ከኪሱ አወጣና ዘረጋጋው። ፊቱ ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ያዘነ ሰው ፊት ነው ያየሁት። "እንግዲህ መጣሁ፣ አየሁ፣ አልገባኝም" አለ። "ሰኞ ጠዋት ይገባል። ለሷው ብዬ ነው፤ ነገ ሰው ምን ትሠራለች ቢለኝ ምን ልበል? ዝናብ ናት ልበል?"

"ጋሼ፣ ተነስ" አልኩት። "ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ ተነስና ተከተለኝ።"

በር ላይ ያለው ጥበቃ ፀጉሩን የሚቆረጠው እኔ ጋ ነው፤ ምን ሊለኝ? በጠባብ ደረጃ ወጥተን ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ ገባን። የቴአትሩ ሁለተኛ ክፍል ሊጀመር ነው። በመስታወቱ መድረኩ በሙሉ ይታያል። ሁለት ልጆች የመብራቱና የድምፁ ማሽን ላይ ተቀምጠዋል። እሷ መሃል ናት፤ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ አፏ ላይ መነጋገሪያ፣ ፊት ለፊቷ የየትእዛዙ ተራ ቁጥር በእርሳስ የተሞላበት ወፍራም ደብተር። ማን እንደገባ ዞራም አላየች።

"ሠላሳ ስምንት ተዘጋጅ…" አለች። "ሂድ።"

መድረኩ ላይ መሸ።

"ሠላሳ ዘጠኝ ተዘጋጅ… ሂድ።"

ዝናብ ጣለ።

ወንድሜ ቅጹን በአንድ እጁ፣ እስክሪብቶውን በአንድ እጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ይሄኔ መድረክ ላይ አባት ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ጉድ ሠራ። ሁለት ገጽ ዘለለ! ዘሎም አላቆመ፣ ደብዳቤ አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። በተዘለሉት ገጾች ላይ ነጎድጓድ ነጉዶ መብራት ጠፍቶ ትንሹ ወንድም ፋኖስ ማምጣት ነበረበት። አሁን መብራቱ በተራው ቢጠፋ ሰውዬው ደብዳቤውን በጨለማ ሊያነብ ነው። የመብራቱ ልጅ ጣቱን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ወደሷ ዞረ።

"አርባ አንድ ልሂድ?"

"ማንም ምንም እንዳይነካ" አለች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። "ከአርባ አንድ እስከ አርባ አምስት ቀርቷል። ድምፅ፣ ነጎድጓዱን ያዝልኝ። መድረክ ጀርባ፣ ፋኖሱን ለትንሹ ወንድም ስጡት፣ አሁኑኑ። መብራት፣ አርባ ስድስት ተዘጋጅ።"

"አርባ አንድን እንዳትለቂው!" ብሎ ወንድሜ ከኋላዋ ፈነዳ። "ከወጣ ይጋጫሉ! ያዢው!"

"ከኋላዬ ያለው ሰው ዝም ይበል" አለች ሳትዞር።

ሃያ ስድስት ዓመት ማንም ዝም አሰኝቶት የማያውቀው ወንድሜ እንደ ተማሪ ቀጥ አለ።

"አርባ ስድስት… ሂድ።"

መብራቱ ቀስ ብሎ ደበዘዘ፣ ትንሹ ወንድም ፋኖስ ይዞ ገባ፣ ብርሃኑ ደብዳቤው ላይ አረፈ። አዳራሹ "ውይ" አለ። ሁለት ገጽ ቴአትር በኖ ሲጠፋ አንድ ሰው እንኳ የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም።

ወደ ወንድሜ ዞር አልኩ። የእጅ ሰዓቱን ያያል፣ ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በጀርባው ይጽፋል። "46 - 9:41።" ደግሞ ሰዓቱን ያያል። "47 - 9:43።" እጁ ነው የሚጽፈው፤ እሱ የሚሠራውን የሚያውቅ አይመስለኝም። መጋረጃው በስልሳ ቁጥር ሲዘጋ የቅጹ ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር።

ታች አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ተዋናዮቹ ጎንበስ ቀና ይላሉ። እሷ ማዳመጫዋን አውልቃ ዞረች፣ አባቷን አየችና ፊቷ አመድ መሰለ።

"አባዬ… አንተ ነበርክ እንዴ? ዝም ይበል ያልኩት…"

"እኔም እለው ነበር" አለ ወንድሜ። "ሃምሳ ሦስት ላይ አራት ሰከንድ ዘግይተሻል።"

"መብራቱ ነው የዘገየው እንጂ እኔማ…"

"ስምሪት ላይ ሰበብ የለም!" ከዚያ ድምፁ ወረደ። "አንቺ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስምሪት እየተማርሽ ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?"

"እኔስ መች አወቅኩ" አለች።

ቀጥላም "አባዬ፣ ቅጹን እኮ…" ብላ የያዘውን ወረቀት በጣቷ አሳየችው። ገልብጦ አየው። መልሶ ገለበጠው። ፊት ለፊቱ የሷ ጽሕፈት፣ ጀርባው የሱ።

"ይሄማ የስምሪት መዝገብ ሆኗል" አለ። "መዝገብ ደግሞ ለማንም አይሰጥም።" አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ማልቀስ የፈለገችው እሷ ነበረች፤ ያለቀስኩት ግን እኔ ነኝ፣ ያውም ጎረቤት ሳይኖር።

ይኸው አራተኛ ዓመት ገብታለች። ወንድሜ አንድ ቴአትር አያመልጠውም፤ ደብተርና ሰዓት ይዞ ከጥበቃው ጋር እየተሳሳቀ ወደ ላይ ይወጣል። መናኸሪያ ውስጥ "የኔ ልጅ በሁለት ሰዓት ስልሳ ታሰማራለች፣ አንድም ግጭት የለም" እያለ ሾፌሩን ሁሉ አሰልችቷል።

ክብርት ወይዘሪት ሜትር ደግሞ ሥራ በዝቶባቸዋል፤ ሰው ለመጠየቅ ጊዜ የላቸውም ይባላል። እሁድ እሁድ ግን ከሱቄ አይቀሩም። ደንበኛ ያስነሳሉ፣ ወንበሬን ይገለብጣሉ።

"አጎቴ፣ ይቺን ብሎን እኮ ባለፈው ሳምንት ነው ያጠበቅኳት! ምን ሆና ነው የምትላላው?"

"ደንበኞቼ ወፋፍራም ናቸው" እላለሁ። ሻይ አዛለሁ፣ ወሬዋን ሁሉ እሰማለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ስዘጋ መፍቻዬን አንስቼ ከወንበሩ ስር እገባለሁ። ግማሽ ዙር ብቻ ነው የማላላት፣ ሰው እንዳይወድቅብኝ። አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድ ቀን አልነቃችብኝም።

እንግዲህ እኔም ሥራዬ አልተበላሸም ማለት ነው።