አራት ማርሽ ወደ ኋላ

ዘመኑ 1973 ዓ.ም. ነበር። ወሩ ጥር፤ ፀሐዩ ይለበልባል፣ ነፋሱ አቧራ ያነሳል።

የድሮ የጭነት መኪና የሰፈሬን የነፋስ ስልክን ሰው ይመስለኛል። አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከጉራጌ፣ አንዱ ከሰላሌ መጥቶ በአንድ ግቢ ይኖራል፤ አይመሳሰልም፣ ይጨቃጨቃል፣ ግን አብሮ ውሎ ያድራል። የባለቤቴ ወንድም የታደሰ መኪናም እንደዚያው ነበረች። አካሏ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው። ሞተሯ ከወደቀ አውቶቡስ የወጣ ነው። የማርሽ ቤቷ፣ መካኒኮች ካምቢዮ የሚሉት፣ ከየት እንደመጣ ታደሰን ብትጠይቁት ስለ ዝናብ ያወራላችኋል። ስትሄድ "ማን ሠራት?" ቢሉት "እኔ" ይላል። ስትቆም "ጣሊያን" ይላል።

ልጄን አስካለን የጠየቁን ብስራተ ገብርኤል የሚኖሩ ደግ ሰዎች ናቸው፤ መኪና ግን የላቸውም። ሽማግሌዎቹ በዚህ ሲጨነቁ ባይ "የሙሽራዋን መኪና ለእኔ ተዉት" አልኳቸው። እኔ ቃል አላበዛም፤ ያወጣሁትን ግን አላጥፍም። ይህን ባልኩ በወሩ፣ ሰርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ መኪናዋ ከሆዷ "ቋ! ቋ! ቋ!" ማለት ጀመረች።

ሰው ሲታመም ሐኪም ይፈለጋል፤ መኪና ስትታመም ሐኪም ያልሆነ ይፈለጋል፤ አይገኝም። ታደሰ "ናፍጣው ውሃ ገብቶበታል" አለ። ጎረቤቱ "ካምቢዮው ነው" አለ። ባለቤቴ የሺ "ቡዳ በልቷት ነው" አለች። ጋራዥ ያለው ወዳጃችን ከድር ግን ሁሉንም አዳምጦ ሲያበቃ መኪናዋን ቁልቁለት አናት ላይ አስወጣትና "ሞተሩን አጥፋና ልቀቃት" አለ። ለቀቃት። ሞተሩ ዝም፣ መኪናዋ ቁልቁል፣ ድምፁ "ቋ! ቋ!"

"ሞተሩ ሞቶ ድምፁ ካልሞተ ሞተሩን ምን አድርግ ትሉታላችሁ?" አለ ከድር። በሽታው ከዲፈረንሻሉ ነበር፤ ከኋላ ጎማዎች መሐል ሆኖ የሞተሩን ዙር ለጎማዎቹ ከሚያካፍለው ድቡልቡል ብረት። ቢከፍቱት ጥርሱ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ረግፏል።

የእሷን ዓይነት ከየት ይምጣ? ስንት ቦታ ተፈልጎ የሌላ መኪና ተገኘ፤ ቢገጥሙት የሞተሩ ዘንግ የሚገባበት አንገቱ ዝቅ ብሎ አስቸገረ። ከድር ዞር ዞር ብሎ አየውና "ገልብጠን ብንገጥመው አንገቱ ከፍ ይላል" አለ። ታደሰ "ገልብጠው" አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ቃል ሲስማሙ ፍሩ።

የመጨረሻው ብሎን የጠበቀው በሰርጉ ዕለት ነው። ሙሽራውና ሚዜዎቹ በልተው ጠጥተው ተነሡ። አስካለና ሙሽራው ከታደሰ ጎን ገቡ፣ ሚዜዎቹና ልጃገረዶቹ ከላይ ተጫኑ፣ እልልታው ቀለጠ። ታደሰ አንደኛ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ተንደርድራ ወደ ኋላ ሄደችና ዳሱ ውስጥ ገባች።

ሰው አልተጎዳም። አንድ የዳስ ቋሚ ተሰበረ፣ አንድ ጋን ፈሰሰ፣ አጥንት ይግጡ የነበሩ አንድ አዛውንት አጥንቱን ሳይለቁ አጥር ዘለሉ።

"ማርሹን ተሳሳትክ!" አልኩት።

"ጋሽዬ ሙት፣ አንደኛ ነው!"

ሁለተኛ ሞከረ፤ ወደ ኋላ። የኋላ ማርሽ አስገባ፤ ወደፊት። ከድር ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ወይኔ! ስገለብጠው ዙሩም አብሮ ተገለበጠ!" አራቱ ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንዱ ብቻ ወደፊት ሆኖልናል።

"ፈትቼ ልገልብጠው ካላችሁ ለነገ ነው" አለ ከድር።

"በዚችው በአንዷ ቀስ እያልን እንሂድ" አለ ታደሰ።

"በእሷማ ሰው በእግሩ ይቀድማችኋል፤ የመካኒሳ ዳገት ላይ ሞተሩ ፈልቶ ትቆማለች። ከዚያ የሰዓት እላፊ ይደርሳል።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አስካለ በመስኮት ብቅ ብላ "አባዬ፣ ዛሬ አልሄድም ማለት ነው?" አለችኝ። የተኳለ ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። ሙሽራ ተሸኝታ ቤቷ ካደረች የሰፈሩ አፍ ስንት ዓመት እንደሚበላት ታውቁታላችሁ።

"አዙራት" አልኩት ታደሰን። "በጅራቷ እንሂድ።"

በአንዷ ማርሽ ወደ መንገዱ ወጥታ ዞረች፤ ጅራቷ ወደ ብስራተ ገብርኤል፣ ፊቷ ወደ ቤታችን። ግን ሹፌሩ ጀርባው ላይ ዓይን የለውም፤ ከኋላ ሆኖ የሚመራው ያስፈልጋል። ሚዜዎቹ? ጠጅ ግራና ቀኛቸውን አስረስቷቸዋል። የሙሽራ አባት ልጁን ተከትሎ አማቾቹ ቤት አይሄድም፤ ደንብ ነው። እኔ ደንብ ጥሼ አላውቅም። ጋቢዬን አደገደግሁና ከላይ ወጥቼ የኋላውን ስፖንዳ፣ የጭነቱን መከለያ፣ ይዤ ቆምኩ። "ግራ! ያዝ! ቀኝ! እርሻ መሬት አደረግኸው እንዴ፣ መልስ!"

ልጃገረዶቹ ወዲያው ገጠሙ፦

የሰው ሙሽራማ ጀርባ ሰጥታ ሄደች፣
የእኛ አስካለ ግን እያየችን ራቀች።

እውነታቸውን ነው። የሺ በር ላይ ቆማ ልጇን ፊት ለፊት እያየቻት፣ ኩርባው እስኪሰውራት እጇን ስታውለበልብላት ነበር። እንዲህ ያለ ስንብት የደረሳት እናት አላውቅም።

መካኒሳ ስንደርስ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ መንገድ ገባ። "ቁም! ጓድ ሹፌር፣ አገሩ ሁሉ ወደፊት ሲል እናንተ ወደ ኋላ? ይኼ ምን የሚሉት አድኃሪነት ነው?"

ዘፈኑ ቆመ። ያን ጊዜ ይህ ቃል የቀልድ ቃል አልነበረም። ታደሰ መሪውን እንደያዘ ደረቀ።

"ልጄ፣" አልኩት ከላይ ሆኜ፣ "ሙሽራዋ የምትሄደው ወደፊት ነው። የተገለበጠው ዲፈረንሻሉ ነው።"

ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ቀና ብሎ አስካለን አየ። ከንፈሩን ነከሰ፣ አልቻለም፣ ሳቀ። "እንግዲያው እሷን አድርሱና መኪናውን አንቁት!" አለና መንገዱን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የነበረውን እልልታ ልነግራችሁ አልችልም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። የሙሽራው አባት በር ላይ ሊቀበሉ ቆመው ሳለ ከመኪናው ጅራት መጀመሪያ የወረድኩት እኔ ሆንኩ። አፈጠጡብኝ። "አማቼ፣ ልጅዎን ሰጡን ወይስ ይዘዋት ሊመለሱ ነው?"

ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። ዕድሜ ልኬን የቆጠብኩትን ቃል ሁሉ ግራና ቀኝ ላይ ጨርሼዋለሁ። አስካለ ነገሩን ስታስረዳቸው ሰውየው እስኪያስላቸው ሳቁና እጄን ይዘው ከሙሽሮቹ ጎን አስቀመጡኝ። "በሉ፣ ደንቡም ተገልብጧል፤ ይመርቁልን!"

 ሁሉም ተነሥቶ መዳፉን ዘረጋ። አስካለም ታየኛለች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ እንደ አሮጌ በር ሲጥ አለ እንጂ ቃል አልወጣውም። ምን ይደረጋል? ጋቢዬን ለታደሰ ሰጠሁት፣ ለከበሮ መቺዋ በዓይኔ ጠቀስኳትና ልጄ ፊት ቆሜ ምርቃቱን በእስክስታ መታሁላት።