ዳኛው እንዳይከፋቸው

በግንቦት ሁለተኛው እሑድ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ወንዙ ዳር ባለው ሜዳ፣ የሰው ልጅ ጨዋነት እስከዚያ ቀን ወዳልደረሰበት ከፍታ ወጣ። የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር ሰዎች ቁርስ ሳይቀምሱ ሶፍትቦል የተባለውን የዱላና የኳስ ጨዋታ ይጫወታሉ። ወርዋሪው የለቀቃት ኳስ በመቺው ፊት፣ መሬት ላይ ከተነጠፈችው ነጭ ሰሌዳ በላይ ማለፍ ሲገባት፣ በጀርባው በኩል ዞራ አጥሩን መታች። ሁሉም በአክብሮት ኩራሞቺ ሳን የሚሏቸው ሽማግሌው ዳኛ ግን ቀኝ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

«ልክ ናት!»

መቺው ፖስተኛው ማትሱናጋ ነበር። አጥሩን አየ፤ ዳኛውን አየ፤ ከዚያም ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ግሩም ዓይን ነው» አለ።

«የዕድሜ ልክ ልምድ ነው» አሉ ኩራሞቺ ሳን።

ከዳኛው ፊት ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚይዘው ፀጉር አስተካካዩ ቶኩጂ አንገቱን ደፋ። ነገሩን ያውቀዋል። ኩራሞቺ ሳን ሊቆረጡ በመጡ ቁጥር መስቀያው ላይ ለተንጠለጠለው ካፖርት ጎንበስ ብለው፣ «እርስዎ ይቅደሙ» ይሉ ነበር። ሌላውም ያውቃል፤ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። ነገር ግን ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሰውየውን ከቤት የሚያወጣቸው ፊታቸውን ከኳስ የሚከላከሉበት የዳኝነት ጭንብል ብቻ ስለሆነ፣ ጭንብሉን መቀማት ከነሕይወታቸው መቅበር መስሎ ለሠፈሩ ታየ። ቶኩጂም ይህን ከልቡ አመነ። ወጣት ሳለ ኳስ መያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

የደንብ ኮሚቴው በሩዝ ነጋዴው በኦኩዳይራ ሰብሳቢነት ተቀመጠ። ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ ጥፋቱ የሰሌዳው ሆኖ አገኘው። ሰሌዳው ጠባብ ነው። ስለዚህ አራት ሰው ከቦ እራት የሚበላበት የሚያህል የእንጨት ሰሌዳ ተነጠፈ። ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ ስለ ዓይን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ይህም ስላልበቃ፣ ኳስ ያዡ ልክ የሆነች ኳስ በያዘ ቁጥር ጉሮሮውን እንዲጠርግ ተደነገገ። ሰኔ ላይ ቶኩጂን ጉንፋን ያዘው። በዚያ ዕለት እያንዳንዱ ሳል ልክ ኳስ ተብሎ ስለተቆጠረ፣ የታች ሠፈር መቺዎች አንድ ኳስ እንኳ ሳይነኩ ተራ በተራ ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ። ተቃውሞ አላቀረቡም፤ በማር የተዘፈዘፈ ሎሚ አቀረቡለት።

ከዚያም ታላቁ ድንጋጌ መጣ፦ ሯጭ ከኳሷ ቀድሞ ሰሌዳው ላይ መድረሱን ወይም ተቀድሞ ከጨዋታ መውጣቱን ራሱ በትሕትና ለዳኛው ያስታውቅ።

«ወጥቻለሁ» ይላል ሯጩ።

«ምን ነካህ? ቀድመኸኛል እኮ!» ይላል ኳሷን የያዘው።

«ኧረ በፍጹም! አንተ ቆመህ እኔ ልደርስ?»

«ስሞትልህ፣ ደርሰሃል!»

«አልደረስኩም አልኩህ! ሰው ፊት አታሳፍረኝ!»

በዚህ ክርክር ሁለት ሰው አንገት ለአንገት ሊተናነቅ ደርሶ ነበር። ሐምሌ ማንም ነጥብ ሳያስቆጥር አለቀ። ኦኩዳይራም፣ «ሁለቱም ወገን አሸንፏል» ብለው አስጨበጨቡ።

የዋንጫው ዕለት፣ በመጨረሻው ዙር፣ የላይ ሠፈር ከተመሠረተ ጀምሮ አይቶት የማያውቀውን ዋንጫ ሊያነሣ የቀረው አንድ ነጥብ ነበር። ሯጩ ቶኩጂ ነው።

«ሩጥ እንጂ አንተ በርሜል!» ትጮኻለች ሚስቱ ሱሚዬ ከዳር።

በርሜሉ ተንከባለለ። ኳሷ ሳትደርስ በፊት እግሩ ሰሌዳውን ደለቀው። አቧራው ገና ሳይረጋ ኩራሞቺ ሳን ጮኹ።

«ወጥተሃል!»

ቶኩጂ ለመነሣት ሲንበረከክ ዋንጫውን አሰበ፤ ቀጥሎ ጭንብሉን አሰበ። ከዚያም ደንቡ እንደሚያዘው፣ «አዎን፣ ወጥቻለሁ» አለ።

ሽማግሌው አቧራ የሚያራግፉ መስለው አጠገቡ ጎንበስ አሉ።

«ደርሰሃል» አሉት በሹክሹክታ። «እንጨቱ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። ቶኩጂ፣ እባክህ ተቃወመኝ።»

«እንዴት ብዬ ኩራሞቺ ሳን?»

«ሴንዳይ ያለችው ልጄ ክፍል አሰናድታ ስትጠብቀኝ ሦስት ዓመቷ ነው። አጥሩን የመታችውን ኳስ ልክ ናት ያልኩት አንድ ሰው ይቆጣል ብዬ ነበር። እናንተ ሰሌዳ አሰፋችሁ! ይህን ሁሉ ለኔ ስትደክሙ ጥዬ ብሄድ ምን ዓይነት ውለታ ቢስ እባላለሁ?»

«እኛ እኮ ከቤት እንዳይቀሩ ብለን ነው።»

«የልጅ ልጆቼን ድምፅ በስልክ ብቻ መስማት ሰለቸኝ። በል፣ ጮክ በል።»

ቶኩጂ ተነሣ። ላቡን ጠረገ። በሠፈሩ ታሪክ ማንም ሽማግሌ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«ተሳስተዋል!» ብሎ ጮኸ። «ደርሻለሁ! ደግሞም አያዩም! ከጀመሩ ጀምሮ አያዩም!»

ሱሚዬ ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች። ኩራሞቺ ሳን ጭንብሉን አውልቀው ለቶኩጂ አስታቀፉትና ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ ነሡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው የተማሪ ቤት የመውጫ ደወል የሰማ ልጅ ፊት ይመስል ነበር።

ኮሚቴው በዚያው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ዳኛን መቃወም ደንቡ የማያውቀው ነውር በመሆኑ ነጥቡን ሰረዘ። ዋንጫውን የታች ሠፈር ወሰደው።

ኩራሞቺ ሳን ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሁለት ዓመት ኖረው ሴንዳይ ላይ ዐረፉ። ቶኩጂ በባቡር ሄዶ ለመጨረሻ ጊዜ ጺማቸውን ላጫቸው። የሠፈሩ ሰው ግን፣ ሽማግሌ ላይ የጮኸ ሰው ምላጭ እንዳይነካው፣ እስከ ዛሬ ፀጉሩን የሚቆረጠው ከባቡር ጣቢያው ማዶ ካለ ሌላ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ነው።