ስለ ጠፋው ታስክባር የተደረገ ጥልቅ ማጣራት

ታላቅ መሥሪያ ቤት ታላቅ ፈተና አያጣም። የዚህኛው ፈተና ማክሰኞ ጠዋት ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተራቸው ፊት ተሰይመው፣ መነጽራቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ቢያዩ፣ ከስክሪኑ ግርጌ ተጋድሞ ይኖር የነበረው ታስክባር የለም። ሰዓቱም፣ የተደረደሩት ምልክቶችም አብረውት ሄደዋል። እሳቸውም እንደ ኃላፊ ወግ እጃቸውን ከማውሱ ላይ ቀስ አድርገው አነሡና ጸሐፊያቸውን ጠሩ።

«ትናንት ማታ ከዚህ ቢሮ መጨረሻ የወጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ ጋሼ። ጠረጴዛውን ልወለውል ገብቼ…»

«ጥሩ» አሉ፣ ጥሩ እንዳልሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ።

ጸሐፊዋ ጠረጴዛውን ሰረቅ አድርጋ አየች። የቢሮ አስተዳደር ኃላፊ የሚያደርጋት የዕድገት ደብዳቤ፣ ፊርማ ብቻ ቀርቶት፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከተኛ ሁለት ወር አልፎታል። ስድስት ዓመት ደጅ የጠናችው ለዚህች አንድ ወረቀት ነው። ታስክባሩ የት እንዳለ ደግሞ አሳምራ ታውቃለች።

«አልጠፋም እኮ ጋሼ። ራሱን እንዲደብቅ ተደርጎ ነው። ማውሱን ወደ ታች ብቻ…»

«እንዳትነኪ! ማስረጃ ነው!»

ወዲያው አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ባለሙያና፣ ወገባቸው ላይ በሚንሿሿው የቁልፍ ዘለላ ምክንያት «ጋሽ ቁልፌ» የሚባሉት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ኮሚቴው በመጀመሪያ ውሎው አስተዋይ እርምጃ ወሰደ፤ ማውሱን በፕላስቲክ ከረጢት ከትቶ በማሸጊያ ጠቀለለው። በሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር የሚሠራው ሥራም ሙሉ በሙሉ ቆመ። ለውጡን ያስተዋለ ሠራተኛ አልተገኘም።

ረቡዕ ዕለት ጋሽ ቁልፌ መዝገባቸውን ከዳር እስከ ዳር አገላበጡ።

«ታስክባር የሚባል ዕቃ ገቢ አልተደረገም» አሉ።

«እንግዲያ ምንም አልጠፋማ!» አለች ጸሐፊዋ ተስፋ አድርጋ።

«ያልገባ ዕቃ ነዋ የወጣው! ይሄ ይብሳል ልጄ።»

የሕግ ባለሙያው ብዕሩን አሾለ።

«እስቲ እህቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«መልኩስ?»

«ረዘም ያለ፣ ጠቆር ያለ።»

«ምን ይዞ ነበር?»

«ሰዓት።»

«ሰዓት ይዞ ተሰወረ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለቴ አሰመረበት።

ሐሙስ ጠዋት የውሳኔ ሐሳቡ ተነበበ። «ተጠርጣሪዋ የመሥሪያ ቤቱን ታስክባር ሆን ብላ በመሰወሯ የዕድገት ደብዳቤዋ ይሰረዝ» ይላል። ሥራ አስኪያጁም በሐዘን ራሳቸውን ነቅንቀው ደብዳቤውን ሊቀድዱት አነሡት።

ዝም አይነቅዝም ብላ ሁለት ቀን የታገሠችው ሴት ይሄኔ ትዕግሥቷ አለቀ። ዘው ብላ ገብታ ፕላስቲኩን በጥርሷ ቦጨቀችው። ማውሱን ወደ ስክሪኑ ግርጌ ሳበችው፤ ታስክባሩ ብቅ አለ። ጋሽ ቁልፌ አማትበው ወደ ኋላ ሸሹ። እሷ ግን ባዶው ቦታ ላይ በቀኝ በኩል ጠቅ አደረገች፣ የታስክባር ሴቲንግ የሚለውን ከፈተች፣ ራሱን ይደብቅ ከሚለው ፊት የነበረችውን ምልክት አነሣች። አለቀ። ታስክባሩ ቦታው ላይ ተጋድሞ ቀረ።

«ይኸው! አላልኳችሁም?»

«ያልደበቀ ሰው የት እንዳለ በምን ያውቃል?» አለ የሕግ ባለሙያው በድል አድራጊነት።

የሁሉም ዓይን ግን ታስክባሩ ላይ ወድቋል። ጋሽ ቁልፌ የልማድ ነገር ሆኖባቸው፣ እዚያ ላይ የተደረደሩትን ክፍት ፕሮግራሞች ጮክ ብለው ይቆጥሩ ጀመር።

«አንድ የካርታ ጨዋታ… ሁለት የካርታ ጨዋታ… ሦስት… ይሄኛው ደግሞ እግር ኳስ ነው መሰለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ለቦርዱ ሌት ተቀን እያዘጋጁት ነው የተባለው ሪፖርት በቆጠራው አልተገኘም።

ሥራ አስኪያጁ ሳሉ። ሲስሉ ቆዩና፣

«እህቴ» አሉ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ይሄ ነገር… ወደ ታች ሊመለስ ይችላል?»

«ይችላል ጋሼ።»

«በይ እንግዲያ።»

እጇ ማውሱ ላይ፣ ዓይኗ ደብዳቤው ላይ ነበር።

«ምን ላርግ ብለው ነው ጋሼ፤ ይሄ የአስተዳደር ኃላፊ ሥራ ነው። እኔ ጸሐፊ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶ ፈለጉ። ኮሚቴው በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ፣ እስክሪብቶ አቀበላቸው። ፈረሙ። እሷም ምልክቷን ወደ ቦታዋ መለሰች፤ ታስክባሩም ቀስ ብሎ ሰመጠ።

የሕግ ባለሙያው የቀድሞውን ውሳኔ ቀድዶ አዲስ ቃለ ጉባኤ ጻፈ፦

«ታስክባሩ ከፍተኛ ጥረት ተደርጎ ቢፈለግም ሊገኝ አልቻለም። ባልደረባችን ሰውራዋለች መባሉም መሠረተ ቢስ ሆኖ ተገኝቷል።»